አክተሩ ጥሩ ሰው ካልሆነስ? ከስኔክ ፕሊስከን እስከ ቲዮ፣ የቱን ልይ ለምትሉ

ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ስንገባ አንድ ሕግ ነበረን። አክተር አይሞትም። ጥይት ቢዘንብ፣ ሕንፃ ቢደረመስ፣ አክተሩ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ሁለተኛ ሕግም ነበር፣ ማንም ባይናገረውም። አክተር ጥሩ ሰው ነው። ደካማ ይረዳል፣ ሴት አያስነካም፣ የተበደለ ሰው ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። ይቺን ሁለተኛዋን ሕግ ያፈረሰብኝን ፊልም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ የሸፈነ ሰውዬ በጨለማ ውስጥ ይሄዳል። ሰዎች አንዲት ሴት ላይ ሲረባረቡ ያያል። አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ «አክተሩ እሱ አይደል እንዴ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

ሰውዬው ስኔክ ፕሊስከን ነው። ፊልሙ ደግሞ በ1981 የወጣው የጆን ካርፔንተር «ኢስኬፕ ፍሮም ኒው ዮርክ»። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።) ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን እየፈለግኩ ሳይ ኖሬያለሁ። ዓለም ከተበላሸ በኋላ፣ ከተማው እስር ቤት ወይም ምድረ በዳ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ የቆመው ሰውዬ ራሱ ንጹሕ ያልሆነባቸውን። ፈረንጆቹ «አንቲ-ሂሮ» ይሉታል። አንዳንዱ «ፀረ-ጀግና» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ግን ትንሽ ያሳስታል። ሰውዬው የጀግና ጠላት አይደለም። ጀግና ለመባል የሚያበቃው ነገር የጎደለው ሰው ነው፤ ያም ሆኖ ዓይናችሁን ከእሱ ላይ መንቀል አትችሉም።

ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው የሆነ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ «ወደፊት ላይ የሚሆን፣ አክሽን ያለው፣ አክተሩ ትንሽ ክፉ የሆነ ፊልም ንገረኝ» አለኝ። ሳላስብ «ድሬድ» አልኩት። እሱ ደግሞ እሁድ ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ አክስቴ በተቀመጠችበት ከፈተው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዘጋው። ፊልሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ በጣም ጥሩ ፊልም ነው። ለዚያ ቤትና ለዚያ ሰዓት ግን አይሆንም ነበር። ስለዚህ ከምወዳቸው አምስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የቱ ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የአንዳቸውንም መጨረሻ አልናገርም።

መጀመሪያ ይቺን ጠይቁ

ብዙ ሰው ፊልም ሲመርጥ ተዋናዩ ማነው፣ ተኩሱ ስንት ነው፣ መቼ ነው የወጣው ይላል። ደህና ጥያቄዎች ናቸው፣ እዚህ ግን አይበቁም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይሄን ሰውዬ ከተቀመጠበት ምን አስነሳው?

ጀግና ከሆነ መልሱ የታወቀ ነው፣ ሰው ሊያድን ተነሳ። አንቲ-ሂሮ ግን ለሌላ ሰው ብሎ አይነሳም። ወይ አስገድደውት ነው፣ ወይ ቤንዚን አልቆበት ነው፣ ወይ ሥራዬ ነው ብሎ ነው፣ ወይ ገንዘብ ቃል ተገብቶለት ነው፣ ወይ ደግሞ ከኋላው የሚያሳፍረው ነገር አለ። አምስቱ ፊልሞች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የቱ ምክንያት እንደሚስባችሁ ካወቃችሁ ግማሹን መርጣችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አታምታቱ። ሰውዬው ስለተሳደበ፣ ሲጋራ ስላጨሰ፣ አለቃውን ስላልሰማ ብቻ አንቲ-ሂሮ አይባልም። ሁልጊዜ ልክ የሆነ ሰው አፉ ቢበላሽም ጀግና ነው። የ1987ቱ «ሮቦኮፕ» ላይ ያለውን መርፊን ውሰዱ። ደህና ፖሊስ ነበር፣ ጨክነው ገደሉት፣ ከዚያ ማሽን አደረጉት። አንጀት ይበላል፣ አንቲ-ሂሮ ግን አይደለም። አንቲ-ሂሮ ስታዩ «ተው እንጂ!» የምትሉበት ቅጽበት መኖር አለበት።

ስኔክ፣ የተገደደው

ፊልሙ ውስጥ ጊዜው 1997 ነው። አሜሪካ ውስጥ ወንጀል ከልክ አልፎ የማንሃተን ደሴት በሙሉ እስር ቤት ተደርጓል። ዙሪያውን ግንብ ነው። ድልድዮቹ ላይ ፈንጂ ተቀብሯል። ውስጥ ግን አንድም ጠባቂ የለም፣ እስረኞቹ ለራሳቸው ተትተዋል። የገባ አይወጣም። የፕሬዝዳንቱ አውሮፕላን ተጠልፎ እዚያ መሃል ይወድቃል። እሱን እንዲያወጣ የሚላከው ደግሞ በዚያው ዕለት ሊታሰር የመጣ ወንጀለኛ ነው። የቀድሞ የልዩ ኃይል መቶ አለቃ፣ በጦርነት ቆስሎ ሁለት ጊዜ የተሸለመ፣ ኋላ የመንግሥት ግምጃ ቤት ዘርፎ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት።

ይሄን ፊልም ለመምረጥም ሆነ ለመተው አንድ ትዕይንት ይበቃችኋል። ሊ ቫን ክሊፍ የሚጫወተው የእስር ቤቱ አዛዥ ሃውክ ስኔክን ፊት ለፊቱ ቁጭ አድርጎ ፋይሉን ያነብለታል። ከዚያ አንድ አውሮፕላን መውደቁን፣ ፕሬዝዳንቱም ውስጡ እንደነበር ይነግረዋል። ስኔክ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ «የምኑ ፕሬዝዳንት?» ይላል። ሃውክ ይሄ አያስቅም ይለዋል። እውነቱን ነው፣ አያስቅም። ለሀገሩ ደሙን ያፈሰሰ ሰው ነው እንዲህ የሚናገረው። ሀገር፣ ባንዲራ፣ መሪ የሚሉት ነገር ከውስጡ ተጠርጎ ወጥቷል። እንዴት እንደወጣ ፊልሙ ቁጭ ብሎ አይተርክላችሁም። በዚያ አጠያየቅ ብቻ ትረዱታላችሁ።

ታዲያ ለምን ይሄዳል? የበሽታ መከላከያ ነው ብለው አንገቱ ላይ መርፌ ይወጉታል። እውነቱን የሚነግሩት ከወጉት በኋላ ነው። ሁለት ጥቃቅን ፈንጂዎች ደም ሥሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። 22 ሰዓት ገደማ አለው፣ በሰዓቱ ካልተመለሰ ይፈነዳሉ። እጁ ላይ ያሰሩለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ስለዚህ በሙሉ ፊልሙ ስኔክ ፕሬዝዳንቱን የሚፈልገው ስለ ፕሬዝዳንቱ ብሎ አይደለም፣ ስለ ገዛ አንገቱ ነው። እኔ ይሄን ፊልም የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። መሃል ላይ ልቡ አይለሰልስም፣ ሕፃን አቅፎ አያለቅስም፣ «አሁን ገባኝ» አይልም። መንግሥት የተባለው አካል ከወንጀለኛው የባሰ ጨካኝ ሆኖ ሲታይ፣ እናንተው ቀስ በቀስ ወደ ስኔክ ትጠጋላችሁ እንጂ እሱ ወደ እናንተ አይመጣም።

ከርት ራስል እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዲዝኒ የቤተሰብ ፊልሞች ነበር የሚታወቀው። ስቱዲዮው ሌላ ተዋናይ ይሻል ነበር፣ ካርፔንተር ግን በእሱ ጸና። የዓይኑ መሸፈኛ የራስል የራሱ ሐሳብ ነው። የሚናገረውም በሹክሹክታ ነው ማለት ይቻላል፣ ጩኸት የለበትም። ፊልሙ ብዙ ገንዘብ አልነበረውም፣ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ኒው ዮርክ የሚመስለው የፈራረሰ ከተማ አብዛኛው ሴንት ሉዊስ ነው፣ በ1976 ከባድ ቃጠሎ ደርሶበት የነበረ ሰፈር ስለነበረ እዚያ ቀረጹት። ስኔክ በሞተር አልባ አውሮፕላን ወደ ከተማው ሲገባ ስክሪኑ ላይ የምታዩት የኮምፒዩተር ስዕል ደግሞ የኮምፒዩተር ስዕል አይደለም። የሕንፃ ሞዴሎችን ጥቁር ቀብተው፣ ጠርዝ ጠርዛቸው ላይ የሚያንጸባርቅ ቴፕ ለጥፈው ነው የቀረጹት። በጊዜው ይሄ ከእውነተኛው ኮምፒዩተር ይረክስ ነበር።

ጉድለቱን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሴቶቹ በፊልሙ ውስጥ ብዙ ቦታ የላቸውም። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የሴቲቱ ትዕይንት አጭር ነው፣ ግን ያማል። ሌላዋም ስኔክን «ይዘኸኝ ውጣ» እያለችው ወለሉን ፈልቅቀው የወጡ ሰዎች ይወስዷታል፣ እሱም ያመልጣል። እንደ ተመልካች ልትናደዱ ትችላላችሁ። እኔ እናደዳለሁ። ፍጥነቱም የዛሬን ፊልም ለለመደ ሰው ዝግ ይላል። 99 ደቂቃ ነው፣ አብዛኛው ሌሊት ነው፣ ጨለማው ደግሞ የእውነት ጨለማ ነው። ቀን በስልክ እንዳትሞክሩት፣ ከራሳችሁ ፊት በስተቀር ምንም አይታያችሁም። ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ በቴሌቪዥን ወይም ደህና ስክሪን ባለው ላፕቶፕ እዩት።

መጨረሻው አካባቢ ስኔክ ፕሬዝዳንቱን አንድ ነገር ይጠይቀዋል። አንተን ለማውጣት ብዙ ሰው ሞተ፣ ምን ተሰማህ ይለዋል። ፕሬዝዳንቱ ለቴሌቪዥን ንግግር እየተዘጋጀ ነው። ሀገር መስዋዕትነታቸውን ታመሰግናለች የሚል ነገር ይመልስለታል፣ ሐሳቡ ግን አየር ላይ ለመውጣት በቀሩት ደቂቃዎች ላይ ነው። የስኔክን ፊት እዚያ ላይ ተመልከቱ። ቀጥሎ የሚያደርገውን አልነግራችሁም።

ሁለተኛው ክፍል «ኢስኬፕ ፍሮም ኤል ኤ» በ1996 ወጣ። የመጀመሪያውን መንገድ ደግሞ ይሄዳል፣ ገንዘቡ በጣም ብዙ ሆኖ ፊልሙ ግን ያነሰ ነው። የማለቂያው ሐሳብ ደፋር ነው፣ አልክድም። ስኔክን በጣም ከወደዳችሁት ብቻ እዩት፣ በእሱ ግን አትጀምሩ።

ማክስ፣ ቤንዚን ያለቀበት

ስለ «ማድ ማክስ» ያልሰማ የለም፣ ከየትኛው ልጀምር የሚለው ነው የሚያስቸግረው። ከሁለተኛው ጀምሩ፣ በ1981 ከወጣው። አንዳንድ ቦታ «ዘ ሮድ ዋሪየር» ተብሎ ታገኙታላችሁ፣ ያው ነው። የ1979ኙ የመጀመሪያው ሰውዬው እንዴት እንደተሰበረ ነው የሚተርከው፣ አንቲ-ሂሮ የሚሆነውም ማለቂያው ላይ ነው። ሁለተኛው የተሰበረውን ሰው ይዞ ይነሳል፣ ያለፈውን ደግሞ መግቢያው ላይ ባጭሩ ይነግራችኋል።

ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ሐኪም ነበር፣ የመኪና አደጋ ያደረሰውን ጉዳት ሆስፒታል ውስጥ በዓይኑ ያየ ሰው። ግጭቶቹ ሆድ የሚያንቀጠቅጡት ለዚህ ይመስለኛል። መጀመሪያ ላይ ማክስ አሳዳጆቹን ካስወገደ በኋላ ከተጋጨ መኪና ቤንዚን ሲፈስ ያያል። ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ይደቅናል። የሞቱትን ዞር ብሎ አያያቸውም፣ ዓይኑ ጠብታዋ ላይ ነው። ማደያ ሰልፍ ላይ ጀሪካን ይዞ ያደረ ሰው ይሄን ትዕይንት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የውሻ ምግብ ቆርቆሮ ከፍቶ በማንኪያ ይበላል። ውሻው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ማክስ ማርኮ ያሰረው ሰውዬ ደግሞ ከውሻው ቀጥሎ ይደርሰኝ ይሆን እያለ ምራቁን ይውጣል። ማን ከማን በፊት እንደሚበላ አይታችሁ የዚያን ዓለም ሕግ ታውቃላችሁ።

ማክስ የሚሠራው በውል ነው። የቆሰለ ሰው ተሸክሞ ነዳጅ ወዳለበት ሰፈር ያመጣል። አዝኖለት እንዳይመስላችሁ፣ ቤንዚን እሰጥሃለሁ ስላለው ነው። ሰውዬው ሲሞት ሰፈርተኞቹ ውሉ አብሮት ሞቷል ይሉታል። ማክስ የሚከፋው በሰውዬው መሞት አይደለም፣ በውሉ መፍረስ ነው። ከስኔክ የሚለየው ግን እዚህ ጋ ነው። ስኔክን ምንም አይነካውም፤ ማክስን ይነካዋል፣ እንዳይታይበት ነው የሚታገለው።

እንግሊዝኛ ብዙ ለማይገባው ሰው ከአምስቱ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ሜል ጊብሰን በሙሉ ፊልሙ የሚናገረው በጣት የሚቆጠር ዓረፍተ ነገር ነው። ትርጉም ሳይኖረው፣ ድምፁ ጠፍቶም ቢሆን ይገባል። 96 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሩቅ በመነጽር የሚታይ የመደፈር ትዕይንት አለው፣ ልጆች ካሉ አስቡበት። የ2015ቱን «ፊውሪ ሮድ»ስ ብትሉኝ፣ አብዛኛው ናሚቢያ በረሃ ላይ ተቀርጾ 6 ኦስካር ያገኘው ነው። በአክሽን ከሆነ ከሁሉም ይበልጣል፣ ይሄን ያለ ማመንታት እላለሁ። ግን የፊልሙ ልብ ቻርሊዝ ቴሮን የምትጫወታት ፊውሪዮሳ ናት፣ ማክስ አጠገቧ ነው የሚቆመው። አንቲ-ሂሮውን ብቻ የምትሹ ከሆነ የ1981ዱን፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሁለት ሰዓት የምትሹ ከሆነ የ2015ቱን።

ድሬድ፣ ሥራዬ ነው የሚለው

አክስቴን ያስደነገጠው ይሄኛው ነው። በ2012 የወጣው፣ ካርል ኧርባን የሚጫወትበት። (ሲልቬስተር ስታሎን ያለበት የ1995ቱ ሌላ ነው። እዚያ ሰውዬው የራስ ቁሩን ያወልቃል፣ ሲያወልቅ ደግሞ ተራ ጀግና ይሆናል። ተዉት።) ጽሑፉ የአሌክስ ጋርላንድ ነው፣ ባለታሪኩ ከ1977 ጀምሮ በእንግሊዝ የኮሚክ መጽሔት ሲታተም የኖረ ነው፣ ፊልሙን የቀረጹት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ።

800 ሚሊዮን ሰው የታጨቀበት ከተማ ነው። ዳኞቹ ፖሊስም ናቸው፣ ፈራጅም ናቸው፣ ፍርዱን እዚያው መንገድ ላይ የሚፈጽሙትም እነሱ ናቸው። ድሬድና አንዲት ለማጅ ዳኛ ባለ 200 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ በሩ ይዘጋባቸዋል። ከላይ ያለችው የዕፅ ነጋዴ ግደሏቸው ብላ ታዛለች። ያለው ታሪክ ይሄው ነው፣ 95 ደቂቃ ገደማ፣ አንድም የሚባክን ነገር የለውም።

ሌሎቹ አራት ሰዎች በተበላሸው ሥርዓት ሥር የተረገጡ ናቸው። ድሬድ ግን ሥርዓቱ ራሱ ነው። ጉቦ አይበላም፣ አይፈራም፣ አያዳላም፣ አይራራምም። ፊቱ አንዴም አይታይም፣ ተዋናዩ ሁሉን ነገር በአፉና በአገጩ ነው የሚሠራው። ታማኝ ነው ብላችሁ ልታደንቁት ስትሉ ለማጇ አንደርሰን ትመጣለች። የቆሰለና እጅ የሰጠ ሰው ፊቷ ወድቋል፣ ሕጉ ሞት ነው የሚለው፣ ድሬድ ይጠብቃታል። ትተኩሳለች። ትንሽ ቆይተው አንዲት ሴት ቤት ውስጥ ይጠለላሉ። ሕፃን ልጅ አለ። ግድግዳው ጋ የባልየው ፎቶ አለ። ማን እንደሆነ ገባችሁ። አንደርሰን ለሴትየዋ ምንም አትላትም፣ ምን ልትላት ትችላለች? በዚያ ሁሉ ተኩስ መሃል ያለችው ይቺ አንድ ደቂቃ ፊልሙን ከተራ የተኩስ ፊልም ታወጣዋለች።

ደሙ ግን ብዙ ነው፣ በጣም ብዙ። ሰዎቹ የሚወስዱት ዕፅ ጊዜን ስለሚያዘገይ ጥይት ጉንጭ በስቶ ሲያልፍ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ሆዳችሁ የማይችል ከሆነ ዝለሉት። ብቻችሁን ወይም ከጓደኛ ጋር፣ ማታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ከሆነ ግን አትቆጩም።

ቲዮ፣ ገንዘብ ቃል የተገባለት

የአልፎንሶ ኩዋሮን «ችልድረን ኦፍ ሜን» በ2006 ወጣ። ይሄን ከአክሽን ፊልም መመደቤን የሚቃወም ይኖራል። ማሳደድ አለ፣ ተኩስ አለ፣ ጦርነት አለ፣ 109 ደቂቃ ነው። ለየት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። አክተሩ አንድም ጥይት አይተኩስም።

ለንደን፣ 2027። በዓለም ላይ 18 ዓመት ሙሉ አንድም ልጅ አልተወለደም። ፊልሙ ሲጀምር የዓለም ትንሹ ሰው፣ የ18 ዓመቱ ልጅ፣ መሞቱ በዜና ይነገራል። ቡና ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ወደ ቴሌቪዥኑ አንጋጧል። ክላይቭ ኦወን የሚጫወተው ቲዮ በሰዎቹ መሃል ተሽሎክሉኮ ቡናውን ይገዛል፣ አንዴ ቀና ብሎ አይቶ ይወጣል። ደጅ ቆሞ ቡናው ውስጥ መጠጥ ሲጨምር ከኋላው ቡና ቤቱ በቦምብ ይነሳል። ቢሮ ሲደርስ ባልደረቦቹ ኮምፒዩተራቸው ፊት ያለቅሳሉ። እሱ አለቃው ጋ ገብቶ የልጁ ሞት ካሰብኩት በላይ ጎድቶኛል፣ ቤት ሆኜ ልሥራ ይላል። ዋሽቶ ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ ደግሞ ስደተኞች በብረት አጥር ውስጥ ታጉረው ይጮሃሉ፣ አጠገባቸው ያልፋል። ዞር አይልም።

ስኔክ ሴቲቱን አይቶ ሲያልፍ ምን ዓይነት አውሬ ነው እንላለን። ቲዮ በአጥሩ አጠገብ ሲያልፍ ግን ያስደነግጠናል፣ ምክንያቱም እኛም አልፈናል። ጫማው የሚያምር፣ ዓይኑን የሚሸፍን፣ ሽጉጥ የሚያሽከረክር ሰው አይደለም። ደክሞት፣ ማዘን ያቆመ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ዘመዱ በሊቢያ ወይም በሌላ በረሃ አቋርጦ የሄደ ሰው እነዚያን አጥሮች ሲያይ እንደ ፊልም አያያቸውም። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ቴሌቪዥኑን አቁሜ ውሃ ጠጥቼ ነው የተመለስኩት።

የሚያስነሳው 5,000 ፓውንድ ነው። የቀድሞ ባለቤቱ ለአንዲት ስደተኛ ልጅ የይለፍ ወረቀት አስፈልጓት፣ ዘመዱ ባለሥልጣን ስለሆነ ታመጣልኛለህ ወይ ትለዋለች። ለገንዘቡ ብሎ እሺ ይላል። ከዚያ በኋላ ምን እየሆነ እንደሚሄድ እዩት። ካሜራው ለደቂቃዎች ሳይቋረጥ መኪና ውስጥ አብሯቸው የሚሄድበት አንድ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ስልካችሁን እንዳታነሱ። እርቃን የሚታይበት አጭር ትዕይንትም አለ፣ ለነውር የተሠራ ግን አይደለም፣ ስታዩት ይገባችኋል። ንግግሩ ብዙ ስለሆነ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ከሥር የሚነበብ ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ።

ከርቲስ፣ የሚያፍረው

ስለ «ስኖውፒርሰር» ብዙ ከተናገርኩ አበላሸዋለሁ። የኮሪያው ቦንግ ጁን-ሆ በ2013 የሠራው፣ 126 ደቂቃ። ምድር በበረዶ ተቀብራ የተረፈው ሰው ሁሉ በማይቆም አንድ ባቡር ላይ ነው፣ ሀብታሙ ከፊት፣ ድሃው ከኋላ። ካፒቴን አሜሪካ ሆኖ የምታውቁት ክሪስ ኢቫንስ ከርቲስን ሆኖ ከኋላ ያሉትን ይመራል። ሁሉም መሪያችን ነህ ይሉታል፣ እሱ ግን በተባለ ቁጥር ይሸማቀቃል። ለምን እንደሚሸማቀቅ የሚናገረው ባቡሩ ጫፍ ሲደርስ ነው፣ እዚያ ድረስ ታገሱ።

አንድ ነገር ብቻ። ከኋላ ያለ አንድ ሰው ባለሥልጣኗ ወገን ጫማ ይወረውራል። ቅጣቱ ክንዱን በመስኮት ወደ ውጭው በረዶ ማውጣት ነው፣ ለ7 ደቂቃ። ክንዱ እስኪደርቅ ድረስ ባለሥልጣኗ ያንን ጫማ ራሱ ላይ አስቀምጣ ጫማ ራስ ላይ አይደረግም፣ እኔ ኮፍያ ነኝ እናንተ ጫማ ናችሁ እያለች ታስተምራለች። ስለ መደብ የተሠራ ፊልም ከወደዳችሁ ይሄን ምረጡ። ውጊያው በመጥረቢያ ስለሆነ ደሙ ከድሬድ ብዙም አያንስም።

እና ዛሬ ማታ የቱ?

እንዲህ ያለ ፊልም አይተው ለማያውቁ በማክስ ይጀምሩ እላለሁ፣ ለመግባት ቀላሉ እሱ ነው። መንግሥትም ሰውም የሰለቸው፣ ማንም ልቡን እንዲያለሰልስለት የማይፈልግ ሰው ካለ ስኔክን ይየው። የእኔ ምርጫ እሱ ነው፣ በዓመት አንዴ አየዋለሁ። ድሬድና ከርቲስ ደም ለሚችል ነው። ቀኑ ከባድ ሆኖባችሁ ከሆነ ቲዮን ለሌላ ቀን አቆዩት።

የ1982ቱ «ብሌድ ራነር» የት ሄደ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ዴካርድ አንቲ-ሂሮ ነው፣ እየሮጠች የምታመልጥን ሴት ከኋላዋ የሚተኩስ ሰው ሌላ ምን ይባላል። ግን እንደ መርማሪ ፊልም በዝግታ የሚሄድ እንጂ አክሽን ፊልም አይደለም። አክሽን ብላችሁ ከፍታችሁት እንዳታዝኑበት ብዬ ነው የተውኩት።

ከዚያ ቀጥሎ በነበረው እሁድ ለአክስቴ ልጅ እኔው ቲዮን ላኩለት። አጭሯን ትዕይንት አስቀድሜ ነገርኩት፣ እሱም ለእናቱ ነገራት፣ ምንም አይደል ብላ ተቀመጠች። ማታ ደወለልኝ። አክስቴ እስከ ማለቂያው አይታዋለች። ቲዮ በፊልሙ መሃል ጫማውን ያጣል፣ ከዚያ ወዲያ በባዶ እግሩና በነጠላ ጫማ ነው የሚሮጠው፣ ያንን ሁሉ መስታወትና ፍርስራሽ። ስለ ተኩሱ አንድም ቃል አልተናገረችም አለኝ። ደጋግማ ያለችው «ለዚህ ልጅ ጫማ የሚሰጠው አንድ ሰው ይጥፋ?» ብቻ ነው።